የሀምዳ በረኪና

አዋሽ ላይ የሀምዳን በረኪና የማያውቅ ሆቴል ማግኘት ይቸግራል። ከወሎ መጥታ በሱቅ ነው የጀመረችው፤ ኋላ ከጨውና ከውሃ በመብራት በረኪና የምታወጣ ማሽን ተከለች። ልጇ ሂያም ሰመራ በአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ረዲ የሚባል ገና ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። ሕፃናትን የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ቫይረስ ገብቶ ክፍሉ ሲጨናነቅ፣ "አልጋውም ወለሉም በእናቴ በረኪና ይታጠብ" ያለችው እሷ ናት።

ጤና ጣቢያው ግን መጀመሪያ ይፈተን አለ። ሀምዳ ምን ገዷት! በረኪናዋን በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ፖርቶ መጋላ ላይ አሳስራ፣ ሰመራ ገባች። እዚያ ያለው ቤተ ሙከራ በረኪናውን የዚያ ክፉ ቫይረስ አምሳያ በሆነ፣ ሰው በማይነካ ሌላ ቫይረስ ላይ ሞከረው። በማግስቱ ሙከራውን የሠራችው ሎዛ እየሳቀች ወጣች።

"እትዬ ሀምዳ፣ እንኳን ደስ አለዎት! አንድም አልተረፈ!"

ሀምዳ እልል ልትል አፏን ስትከፍት የጥራት ተቆጣጣሪው ሣህሌ መጣ። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደስታ ሲያበላሽ እንኳ አይቸኩልም።

"ይቅርታ፣ ይሄን አልፈርምበትም" አለ። "በረኪናው ቫይረሱ ላይ አምስት ደቂቃ እንደቆየ ኃይሉን የሚሰብር ማስቆሚያ እንጨምርበታለን። ማስቆሚያው መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ፣ በሌላ ሳህን በረኪናውን አስቀድመን አስቁመን ነው ቫይረሱን የምናስገባው። እዚያ ቫይረሱ መትረፍ ነበረበት። ሞቷል።"

"ታዲያ ይሙት እንጂ! ለቫይረስ ልታለቅስ ነው እንዴ ልጄ?"

"ማስቆሚያው ሙቀት አበላሽቶታል ማለት ነው። በረኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሲገድል አድሯል። ነርሷ ግን አልጋ ስታጥብ ያላት አምስት ደቂቃ ነው።"

ሀምዳ ደሟ ፈላ። "የእጅህን ይስጥህ!" ብላ ወጥታ ደጅ ተቀመጠች። ሎዛ አዲስ ማስቆሚያ በጥብጣ ሙከራውን ደገመችው።

በነጋታው ሣህሌ ሳህኑን ብርሃን ላይ አድርጎ አሳያት። ቫይረሱ እንዲበላው ሳህኑ ላይ የተዘረጋው ስስ የሕዋስ ንጣፍ ብል የበላው ሻርፕ መስሏል። "ቀዳዳው ሁሉ ያልሞተ ቫይረስ የበላው ነው" አላት። ሀምዳ የታያት የሂያም እጅ ነው። በዚህ በረኪና አልጋ አጥቦ፣ "ጸድቷል" ብሎ አምኖ፣ ማታ ረዲን የሚያቅፈው እጅ።

"በምን ነበር ያመጡት?" አላት ሣህሌ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"በሃይላንድ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ..." አለችና ራሷን ያዘች። "ወይ አላህ! ፀሐዩ!" ከአዋሽ አዳይቱ፣ ከአዳይቱ ሰመራ፣ ያ ፀሐይ የበረኪናዋን ኃይል ሲልሰው ውሏል።

ቀጥሎ የመጣችው በጥቁር ጀሪካን፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍና፣ ወንበር ስር ሸጉጣ ነው። ከሹፌሩም ከረዳቱም ተጣልታለች፤ አልተጸጸተችም። በዚህኛው ፈተና መትረፍ ያለበት ተረፈ፣ መሞት ያለበት ሞተ፣ ሣህሌም ፈረመ።

ከዚያ ወዲህ ሂያም አንድም ቀን ሥራ አልቀረችም። የታመሙት ሕፃናት አንድ በአንድ ድነው ወጡ፤ ረዲም ተቅማጥ የሚባል ሳያውቅ መዳህ ጀመረ። ሀምዳ ይሄን ስትሰማ እንባዋ ቀደማት። ሰመራ ወርዳ የልጅ ልጇን አዝላ፣ ሣህሌ ከሥራ የሚወጣበት በር ላይ ጠበቀችው። ይቅርታ ልትለው ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ ሲመጣ ግን ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አስታቀፈችው።

"ኧረ እትዬ ሀምዳ... ሥራዬ እኮ ነው" አለ ግራ ገብቶት። ረዲ ሸሚዙን ጨምድዶ ይዞ አንገቱ ስር ተለጠፈ። ሣህሌ ሊመልስላት እጁን ዘረጋ።

ሀምዳ አልተቀበለችውም።

"ትንሽ ያዘው" አለችው። "ያንተም ልጅ ነው።"