ለወኅኒ የተሰናዳው ቦርሳ

ለይኩን ገና ሳይታሰር የታሰረ ሰው ነበር። ቀበና ወንዝ ዳር ባለችው የቀበሌ ቤቱ፣ አልጋው ሥር፣ ለወኅኒ ያሰናዳው ቦርሳ አለ፤ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ሳሙና፣ በሶና ዳቦ ቆሎ። «ሊወስዱህ ሲመጡ ቆይ ልዘጋጅ አይባልም» ይላል። ዳቦ ቆሎው ሲከርምበት ይበላውና በአዲስ ይተካዋል። እንዲህ ያለ ቆጣቢ እስረኛ ደርግም አግኝቶ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። ጴንጤ ተብሎ መታሰር ያለ ነገር ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሱና ጥቂት ምእመናን ካራ ሰፈር፣ እማማ ዘውድነሽ ቤት በድብቅ ይሰበሰባሉ። አንድ አንድ እያሉ ይገባሉ፤ ደጅ ላይ የጫማ ክምር እንዳይታይ ጫማቸውን አልጋ ሥር ይከታሉ፤ የሚዘምሩትም በሹክሹክታ ነው። ሾፌሩ ዋቅጅራ ብቻ ሹክሹክታ አልፈጠረበትም። ድምፁ አቀበት የያዘ የጭነት መኪና ስለሆነ፣ አፉን በትራስ አፍኖ እንዲዘምር ተፈርዶበታል።

ሐምሌ ላይ የእማማ ዘውድነሽ ጣራ በዝናብ ተደረመሰ። ከሁሉም መሃል ለብቻው የሚኖረው ለይኩን ነበርና እማማ «እሑድ አንተ ጋ ነን» አሉት። እምቢ ካለ ጉባኤው መበተኑ ነው።

«እማማ፣ ከአብዮት ጠባቂው ከገረሱ ጋር እኮ አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው! የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰሙም?»

«ልጄ፣ ክፉ ሐሳብ የማያንኳኳው በር የለም። አንተ ግን ገና ሳያንኳኳ ወንበር ታቀርብለታለህ፣ ምሳም ታበላዋለህ። ጌታ አትጨነቁ ያለን የሚያስጨንቅ ጠፍቶ መሰለህ? እሱ አብሮን ስላለ ነው እንጂ።»

ለይኩን እሺ አለ፤ እሺታው ግን ከአፉ እንጂ ከሆዱ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ የጸለየው ጸሎት ከኑዛዜ አይለይም ነበር።

እሑድ ጠዋት ሁሉም ገቡ፤ ጫማው አልጋ ሥር፣ ከቦርሳው ጎን ተደረደረ። ዋቅጅራ ትራሱን አነሳ። መዝሙሩ ሊጀመር ሲል በሩ ተንኳኳ።

«ጓድ ለይኩን!» ገረሱ ነው።

ለይኩን ወደ ሰዎቹ ዞረ። እማማ ዘውድነሽን ቢያያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ጌታ ሆይ፣ ካልቀረ አብረኸኝ ውጣ» አለ በሆዱ። ቦርሳውን ስቦ አወጣና በሩን ከፈተ።

«ዝግጁ ነኝ» አለ።

ገረሱ ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ቦርሳውን አየና ፊቱ በራ።

«ሰው ማለት እንዲህ ነው! ለችግኝ ተከላው ዘመቻ ስንቁን ይዞ የጠበቀኝ ከመንደሩ አንተ ብቻ ነህ። ሌላው አመመኝ፣ ለቅሶ አለብኝ ነው የሚለኝ።» በለይኩን ትከሻ ላይ ወደ ውስጥ አጮለቀ። «እነዚህስ?»

«እነሱም... ከእኔ ጋር ናቸው።»

«በሉ ተነሱ፣ እንጦጦ ነን!»

አልጋ ሥር ጫማ ፍለጋ ግር ግር ሆነ። ገረሱ የሚወጣውን ጫማ አየ፤ ትራስ ያቀፈውን ዋቅጅራንም ረዘም አድርጎ አየው።

«ትራሱ ይቅር» አለ።

እንጦጦ ላይ ገረሱ የላይኛውን ዳገት፣ ሌላ ሰው የማይደርስበትን ሰጣቸው። እማማ ዘውድነሽ የወኅኒውን ሹራብ ደርበው፣ የወኅኒው ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው ችግኝ ያቀብላሉ። ጉሙ ሲወርድ ዋቅጅራ ግራ ቀኙን አየና አፉን ከፈተ። ሁሉም ተከተሉት። ለይኩን የገዛ ድምፁን ከሰማ ስንት ዓመቱ! ችግኙን እንደያዘ፣ ደስታው ከልቡ ሞልቶ ፈሰሰና አለቀሰ። ከዚያ በሶውን በጥብጠው፣ ዳቦ ቆሎውን ተካፍለው በሉ።

ሲወርዱ ገረሱ ለይኩንን ጎን ለጎን ይዞት ሄደ።

«ያ የመጀመሪያው መዝሙር» አለው ቀስ ብሎ፣ «በአጥር በኩል ለብቻህ ስታንሾካሹከው እሰማው ነበር። ሁልጊዜ መሃል ላይ ታቋርጠዋለህ። ዛሬ መጨረሻውን ሰማሁት።» ዶማውን ወደ ሌላ ትከሻው አዛወረ። «ለሚመጣው እሑድም የላይኛውን ዳገት ይዤላችኋለሁ።»

ወጥመድ ነው! አለ ያ የድሮ ሐሳብ፣ እንደ ልማዱ እያንኳኳ። ለይኩን ሰማው። ግን ሲቆፍር ስለዋለ ወንበር የሚያቀርብበት ጉልበት አልነበረውም።

«ታዲያ የሚመጣው እሑድ የት ነን?» አሉት እማማ ዘውድነሽ።

«እኔ ጋ» አለ፤ አሁን ከሆዱ ነው። «ከዚያ ወደ ላይ።»

ማታ ቦርሳውን ገለበጠው። የብርድ ልብሱን ጭቃ አራግፎ አልጋው ላይ ዘረጋውና ገባበት። ሞቀው። ያን ሁሉ ክረምት ብርድ ልብሱን ለወኅኒ ሲያስቀምጥ፣ ለካ በገዛ ቤቱ ሲበርደው ኖሯል።