ሁለተኛው ፍሬን

«የማስተማሪያ መኪና ሁለት መሪ አለው» አሉ ጋሽ ምሳሌ፣ ከሳሎኑ መሀል ቆመው ሁለት እጃቸውን በአየር ላይ እያሽከረከሩ። «አንዱ በተማሪው እጅ፣ አንዱ በመምህሩ እጅ። ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ በራሱ መሪ ያቃናዋል። እግዚአብሔርም ከእኛ ጋር እንደዚሁ ነው፣ ልጆቼ።»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። የሟች ሚስት ጥርሷን ነከሰች። ይህን ምሳሌ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ስትሰማ ሰንብታለች፤ አዲስ እንግዳ በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀመራል። ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያናቸው አገልጋይ ናቸው፣ ክፋት የማያውቁ ሰው። ውሃ ሲጠጡ እንኳ ምሳሌ ሳያወጡለት ስለማይውጡት ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ምሳሌ ይላቸዋል። መኪና ነድተው ግን አያውቁም።

«ሁለት መሪ የለውም» አለች።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«መሪው አንድ ነው፣ እሱም በተማሪው እጅ ነው። መምህሩ ጋ ያለው ፍሬን ብቻ ነው። ዕድሜውን እዚያ ወንበር ላይ የጨረሰ ሰው ነው የሞተው። ቢያንስ ምን ላይ ተቀምጦ እንደኖረ እንወቅለት።»

ጋሽ ምሳሌ ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ፍሬንም ቢሆን ያው ነው። አደጋ ሲመጣ እግዚአብሔር ይይዝልናል።»

«ታዲያ ለምን አልያዘለትም?»

የባሏ ታላቅ እህት ብድግ ብላ ክንዷን ያዘችና ወደ ወጥ ቤት ይዛት ገባች። «ሰው ምን ይላል!» አለቻት በሹክሹክታ፣ ከዚያም እንግዶቹን ልታረጋጋ ተመለሰች።

ሰውማ ሲል ነው የሰነበተው። «ላያስችል አይሰጥም» ይላል አንዱ ሻዩን እያማሰለ። «ሁሉም ለበጎ ነው» ይላል ሌላው። አንዷ ደግሞ «አታልቅሺ፣ ማልቀስ እምነት ማጣት ነው» ብላ በቁስሏ ላይ እንጨት ሰድዳባት ሄዳለች። ሁሉም ከልባቸው ነው፤ እሷን ያበገናትም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ታባርራቸው ነበር።

በወጥ ቤቱ መስኮት መንገዱ ይታያል። ከዳር እስከ ዳር መኪና ቆሞበታል፣ ሁሉም የባሏ ተማሪዎች የነበሩ። ባሏን «ቀስ በል» ነበር የሚሉት፤ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ስለነበረ ስሙ ሆኖ ቀረ። ቀስ በል እንዳስተማራቸው፣ ከፊታቸው ያለው መኪና የኋላ ጎማ አስፋልቱን ሲነካ እስኪታያቸው ድረስ ርቀው ቆመዋል። በዚህ አቋቋም ግማሾቹ መኪኖች ብቻ መንገዱን ሞሉት፣ የቀሩት በየደጁ ቆሙ፤ የጎረቤት በር ተዘግቷል፣ የራሷም በር ተዘግቷል። «አየህ ጉድህን?» አለችው በሆዷ። «እዚህ ሆነህ አስነሳቸዋ!»

የመንጃ ትምህርት ቤቱን እሷና ባሏ የከፈቱት አብረው ነው። እሷ ክፍል ውስጥ ምልክትና ሕግ ታስተምራለች፣ እሱ መንገድ ላይ ያሠለጥናል። ለሁለቱም ሥራ ፈቃድ አላት፤ መንገዱን ግን እሱ ስለሚወደው ለቀቀችለት። እሷም ብትሆን መጀመሪያ ተማሪው ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት ዳገት መሀል ሞተር ጠፍቶባት፣ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባውን ሲያስጮህባት፣ እሱ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያያት ነበር።

«ለምን አታግዘኝም?» አለችው እያለቀሰች።

«አጠገብሽ ነኝ እኮ።»

«ይሄም እገዛ ሆኖ ነው?»

«ቀስ በይ። አስነሺው።»

ደሟ ፈላ፣ በንዴቷ አስነሳችው፣ ዳገቱንም ወጣችው። በኋላ ስታገባው እናቷ «ይህን ያህል የሚያናድድሽን ሰው እንዴት አገባሽው?» ብላ ጠይቃታለች። መልሱን ዛሬም አታውቀውም። እንዲሁ ስትናደድበትና ስትወደው ኖረች፤ አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ልቡ ቆመ።

ጸሎትም የእሱ ድርሻ ነበር። ጠዋት እሱ ይጸልያል፣ እሷ ትሰማለች። ዓመታት በዚህ ሄዱ፤ እሷም ራሷን አማኝ ነኝ ስትል ጥርጥር ገብቷት አያውቅም። አሁን ግን ጠዋት ተነስታ አፏን ስትከፍት የሚመጣላት ቁጣ ብቻ ነው። ለማንም ያልተናገረችው አንድ ፍርሃት ነበራት። እምነቱ የባሏ ብቻ ኖሮ፣ አብሮት የተቀበረ እንደሆነስ?

«ሽማግሌውን ተቆጣሽ» አሉ አማቷ። ጩኸት ስለማይችሉ ከወጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው ነው የሰነበቱት።

«እሳቸው አይደሉም ያናደዱኝ፣ እማማ።»

«ማን እንዳናደደሽ አውቃለሁ። እኔም ጠዋት ጠዋት የምጨቃጨቀው ከእሱው ጋር ነው።»

«እርስዎ?»

«ልጄን ነው የቀበርኩት። ምን ልበለው፣ ተመስገን ብቻ? ተመስገኑንም እለዋለሁ፣ ወቀሳውንም እነግረዋለሁ። አለቅሳለሁ። ከዚያ ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ። በየትኛው ጉልበቴ ይመስልሻል የምነሳው? ጉልበቴን ታዪው የለ።»

«እኔ ግን መጸለይ አቅቶኛል። አፌን ስከፍት ቁጣ ነው የሚወጣው።»

«በማን ላይ?»

«በእግዚአብሔር ነዋ።»

«እንግዲያ ምኑ ነው ያቃተሽ?» አሉ አማቷ፣ እሳቸውም ትንሽ እየተቆጡ። «የሌለን ማን ይቆጣል? ለእኛ የምትነግሪንን ለእሱ ንገሪው። እኛ ምን ልናደርግልሽ?»

ዞር ስትል አንዲት ነርስ አየች። የቀስ በል ተማሪ ናት፤ በመንጃ ፈቃድ ፈተና ደጋግማ ወድቃለች። ከጠዋት ጀምሮ ከዕቃ ማጠቢያው አልተነሳችም፣ አሁንም የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ እያጠበች ነው።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ምንም፣ መምህርት።»

«ብርጭቆውን ልታሟሚው ነው እኮ።»

የነርሷ ዓይን እንባ ሞላ። «ነገ ፈተና አለኝ። ለቅሶ ቤት ይህን ማንሳት ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ካለፍኩ መሥሪያ ቤቴ መኪና ሰጥቶኝ በየቤቱ እየዞርኩ በሽተኛ ልረዳ ነው፤ ከወደቅኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ዳገቱ ላይ እየተንሸራተተብኝ...»

«ነገ ፈተና ኖሮሽ እዚህ ብርጭቆ ታጥቢያለሽ? ብርጭቆ ማጠብ ነው የሚፈትኑሽ?»

የማስተማሪያውን መኪና ቁልፍ ከግድግዳው ምስማር አወረደች። የባሏ እህት በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች። «ወዴት ነው? ሐዘንተኛ ተነስቶ መኪና ይዞ...»

«ዳገት ላስነሳት ነው፣ እትዬ።»

«ተያት፣ ትሂድ» አሉ አማቷ ከጥጉ።

ውጭ ወጥታ በሯን የዘጉትን መኪኖች ስታይ ያጠራቀመችው ንዴት ሁሉ ወጣ። ለቀስተኛውን ቁልፉን ይዞ እንዲወጣ ጠራችው። «አንተ ወደ ኋላ! አንቺ፣ ፍሬቻሽስ? መስታወት ሳታይ ነው የምትነሺው?» ባለሥልጣኑም ነጋዴውም እንደ ተማሪ እየሮጡ መኪናቸውን አነሱ። ጋሽ ምሳሌ በማስተማሪያው መኪና መስኮት አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ።

«ለካ መሪው አንድ ነው» አሉ። «ታዲያ መምህሩ እዚህ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?»

«አብሮ ይሄዳል» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህንንስ በምን ምሳሌ እንደሚያስረዱት ገና አልመጣላቸውም። «እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን» ብለው ብቻ ገለል አሉ።

ነርሷ መሪው ጋ ገባች። መምህርቷ በባሏ በኩል ያለውን በር ከፍታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯንም ዘረጋች። ፍሬኑ ላይ አልደረሰም። እንደገና ሰደደችው፤ አሁንም አልደረሰም። ቀስ በል እግረ ረጅም ነበር። ወንበሩ እሱ ወደ ኋላ ገፍቶ እንደተወው ነው፣ ከእሱ በኋላ ማንም አልተቀመጠበትም። አንዴ ከነቃነቀችው ልኩን መልሶ የሚያገኘው ሰው የለም።

«እንነሳ፣ መምህርት?»

«ቆይ።»

በመስታወቱ ፊት ለፊቷ ያለውን ዳገት አየችው። አልችልም ብላ መውረድ ትችል ነበር። ሰው ሁሉ ይረዳታል፣ ሻይ ይቀዳላታል።

«እግዚአብሔር ሆይ» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው እንደምትጣራ። «ተናድጄብሃለሁ። ገናም እናደዳለሁ፣ ቻለኝ። ለምን እንደወሰድከው ጋሽ ምሳሌም አላወቁትም፣ እኔም አላውቀውም። ግን ብቻዬን አልችለውም። ከዚህ አትሂድብኝ።»

የተናገረችው የራሷን ጸሎት ነበር፤ ሰሚ እንዳለውም ልቧ አወቀ። ከሰነበተባት ጭንቀት ትንሽ ቀለል አለላት።

«አሜን» አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

መምህርቷ ጎንበስ አለች። እጇን ከወንበሩ ሥር ሰድዳ ብረቱን ፈልጋ አገኘችው፣ ጥቂትም ይዛው ቆየች። ከዚያ ሳበችው። እግሯ ፍሬኑ ላይ በደንብ እስኪያርፍ ድረስ ወንበሩን ወደ ፊት አመጣችው።

«ማርሽ አስገቢ» አለች።