የሰባት ቁጥር ብረት ለበስ ፍጻሜ

በርናባስ ከገረመው ጋር ያገለገለበትን የባሕር እግረኛ ጦርና በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ብረት ለበሶቹን ታሪክ ጽፎ የጨረሰው በ1988 ዓ.ም. በቶሮንቶ ነበር። ዌስተን ሰፈር ወዳለው ቤቱ የሰባት ቁጥርን የቀድሞ ሹፌር ገረመውን ጠርቶ አነበበለት።

«ሰባት ቁጥር ምጽዋ አጠገብ በጠላት ጥይት ተመትቶ ከአምስት ጀግኖች ጋር ሰጠመ። ሹፌሩ ገረመው ብቻ እንደ ዓሣ ዋኝቶ ወጣ ልበል፣ ወይስ ትኮራብኛለህ?»

ገረመው አልሳቀም። ያን ማለዳ የተተኮሰ ጥይት አልነበረም። ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት ከተሽከርካሪው ሆድ ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ክዳን በእጅ ዳስሶ መዝጋት የሹፌር ግዴታ ነው፤ እርሱ ግን ሲያጥብ ከፍቶት ረስቶ፣ ሲጠየቅ «ዘግቻለሁ» ብሎ ነበር። ብቻውን ከተረፈ በኋላም «በጥይት ተመታን» አለ። ውሸቱ በአፉ ሲኖር የራሱ ብቻ ነበር፤ መጽሐፍ ከገባ ግን የሙታኑ ታሪክ ይሆናል።

«ሰርዘው፤ ክዳኑን ሳልዘጋ የገባሁ እኔ ነኝ» አለ።

ከአምስቱ አንዱ የበርናባስ ታናሽ ወንድም ነበር።

«ስድስት ጊዜ ሙት ዓመቱን ከእኔ ጋር በላህ!» አለ በርናባስ፤ ብዕሩንም ገፋለት። «በገዛ እጅህ ጻፈው።»

ገረመው ጻፈ። በርናባስ አነበበና ኮቱን አቀብሎት በሩን ከፈተለት። በሰባተኛው ሙት ዓመት ገረመው አልተጠራም።