ስምንት ምት

ባለቤቴ ድራም ይመታበት የነበረው የሮክ ባንድ አራት የስቱዲዮ አልበሞችና አንድ የመድረክ ቅጂ አለው። አልበሞቹ በየጊዜያቸው ወጥተዋል። የመጨረሻው ኮንሰርት ቅጂ ግን ስድስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቆየ።

ሰሞኑን ጊታሪስቱ፣ በቅጥነቱ ሽቦ የምንለው፣ ደወለልኝ። ቅጂው እንዲወጣ የወራሽ ፊርማ ያስፈልጋል አለ። ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ስቱዲዮው ከጎማ መጠገኛ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ጠርዝ ጠርዙ ተቦጫጭቋል።

«ነይ እህቴ፣ ተቀመጪ። ወንበሩ ይጮኻል እንጂ አይጥልም» አለኝ።

«አንተን ችያለሁ ብሎ ተኩራርቶ እንዳይሆን።»

መሣሪያው ፊት የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ ሳቀ። ሽቦ አልሳቀም።

ጉዳዩ አምስተኛው ዘፈን ነበር። በዘፈኑ መሀል የባለቤቴ የቀኝ እጅ ስቲክ ወደቀ፤ ሌላ እስኪያነሳ ድራሙ ለስምንት ምት ጠፋ። ከመድረክ ሲወርዱ ሽቦ በሰው ፊት «ሰክረህ ነው የወጣኸው!» አለው። ባለቤቴም «አዎ» አለ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። በዓመቱ ባለቤቴ ሲሞት ሽቦ ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆሞ፣ ሳያናግረኝ ሄደ።

ባለሙያው ዘፈኑን ከፈተልኝ። ድራሙ የትም አልጠፋም።

«ከሁለተኛው አልበም ያንኑ ቦታ ቆርጠን አስገባንበት» አለ ሽቦ። «የራሱ እጅ ነው፣ የማንንም አላመጣንም። ሰካራም እየተባለ እንዲቀር አልፈልግም። አፌ ያበላሸውን እኔው ልድፈነው ብዬ ነው።»

የተደፈነው ድራም ንጹሕ ነበር። ከሥሩ ግን ሰዉ ያለ ምክንያት ያጨበጭባል።

«ዋናውን አሰሙኝ» አልኩ።

በመጀመሪያው ምት ምንም የለም። በሁለተኛው አንድ ሰው ብቻውን አጨበጨበ። በአራተኛው አዳራሹ በሙሉ ምቱን ይዞለታል። በዘጠነኛው ድራሙ ተመለሰ።

ከኮንሰርቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም እጁን የሚያዝለው የነርቭ በሽታ መሆኑን ነግሮን ነበር። ባለቤቴ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። «ሰካራም ቢሉኝ ይሻለኛል» አለኝ፤ «የሰከረ ነገ ይነቃል። እጁ የማይታዘዘውን ድራም መቺ ግን ማን መድረክ ያወጣዋል?» ቃሌን ጠብቄ ኖርኩ። አሁን መድረክ የሚከለክለው የለም።

«ክፍተቱ እንደነበረ ይመለስ» አልኩ።

«ሰክሮ ነው ይላሉ እኮ!»

«አልጠጣም ነበር።»

«ራሱ አይደል እንዴ አዎ ያለኝ?»

«እጁ ነው። ሐኪም ነግሮን ነበር። እንዳልነግራችሁ አስምሎኝ ነው።»

ሽቦ ጭኑ ላይ ያለውን ጊታር አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ተንሸራተተበት፤ እንደገና አስደገፈው።

«ምነው እህቴ» አለ። ወደ ባለሙያው ዞረና «መልሰው» አለው።

ፈረምኩ። ባለሙያው ወረቀቱን እየተቀበለኝ «ያን ጭብጨባ የጀመረው ሰውዬ ግን ጆሮ አለው። አንዲት ምት አልሳተም» አለ።

«ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ የነበርኩት፣ ያጨበጨብኩትም እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም።