ፊቱ የተሸፈነው ልጅ

ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሲቃኝ ሀፊሳ ደንብ አስከባሪ መሰላት። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ማስገባት ክልክል ነው። ባለፈው ወር አስጠንቅቀዋታል፤ ዳግመኛ ከተገኘባት ቤቱ ይታሸጋል።

"በጓሮ!" አለች።

ተማሪዎቹ ጆይስቲኩን ጥለው በጓሮ በር ወጡ። አንዱ ግንቡን ሲዘል ሱሪው ተቀደደና ሌሎቹ ሳቁበት። ሰውየው ግን ከኋላው ወደቆመው ጓደኛው ዞር ብሎ፣ "ያዝካቸው?" አለው። ጓደኛው ካሜራውን ከትከሻው ሳያወርድ ራሱን ነቀነቀ።

ቸርነት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው።

"ለምን ሮጡ?" አላት።

"ደንብ መስለውኝ ነዋ።"

"ጥፋት ከሌለ ምን ያስሮጣል?"

"ከትምህርት ቤት ፎርፈው ነው። ሌላ ምን ጥፋት አለ?"

ሀፊሳ ከወንድሟ ከዛሂድ ጋር ከኮምቦልቻ መጥታ ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር ይህን ፕሌይስቴሽን ቤት ከከፈተች ቆይታለች። ሁለት ቴሌቪዥንና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ናቸው። ኳስ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ወንድምና እህት የሚተዳደሩት በዚህ ነው።

ቸርነት የመጣው ስለ ኣስፋሃ ነበር። ኣስፋሃ የሰፈሩ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ሰሞኑን በስለት ተወግቶ ሞቷል። የተያዘው አብሮ አደጉ ኣባዲ ነው።

"ኣባዲ ጌም ይጫወት ነበር ይባላል።"

"እዚህ መጥቶ አያውቅም።"

"እዚህ መቼ አልኩ?"

"በባጃጁ ተጣልተው ነው እኮ። አብረው ነው የገዙት። ያልሰማ ሰው የለም።"

"እሱማ ተራ ጠብ ነው፤ ዜና አይሆንም" አለ ቸርነት። አረንጓዴውን ሜዳ በስክሪኑ ላይ አየና ፊቱ ጠቆረ። "የጦር መሣሪያ ያለበት የላችሁም?"

ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ አንድ የተኩስ ጨዋታ ሲዲ ነበር። የሚጠይቀው ስለሌለ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሀፊሳ ዓይኗን ወደዚያው ጣል አድርጋ መለሰች።

"እህቴ፣ የልጆቹን ሩጫ ቀርጸናል" አለ ቸርነት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዩኒፎርማቸው ጥርት ብሎ ይታያል። እሱን ካሳየሁት ቤትሽን ያሽጉታል። ብትተባበሪኝ ግን አልጠቀምበትም።"

ሀፊሳ ሲዲውን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው። የሚጫወት ሰው ግን አልነበረም። ዛሂድ ጥግ ላይ ቆሞ ወንበር ይጠግናል።

"ዛሂድ፣ ና ተቀመጥ።"

"እኔ ይሄን አልችልም እኮ፣ እታለም።"

"ቁጭ በል ብቻ።" ከዚያ ወደ ቸርነት ዞረች። "ፊቱ እንዳይታይ።"

"እንሸፍነዋለን፤ ቃሌ ነው።"

ዛሂድ ቢጫ ሸሚዙን እንደለበሰ ተቀመጠ። ወታደሩን ከግድግዳ ጋር ያጋጨዋል፤ ገና መንገድ ሳይጀምር ይገድሉበታል።

"ወንድሜ፣ ተኩስ እንጂ!" አለ ካሜራማኑ። "ግንቡን ልታፈርሰው ነው እንዴ?"

ዛሂድም ሳቀ።

"አትሳቅ" አለ ቸርነት። "ኮስተር በል።"

ዜናው ሲተላለፍ ቸርነት ቃሉን ጠብቆ ነበር። የተማሪዎቹ ሩጫ አልታየም። የቤቱ ስም አልተጠራም። የዛሂድ ፊት ተሸፍኗል። የኣስፋሃ ፎቶ ታየ፣ ከዚያ የዛሂድ እጆች፣ ከዚያ ደግሞ ቢጫው ሸሚዝና በላዩ ላይ የደበዘዘው ፊት። ተራኪው ወጣቶች መግደልን የሚለማመዱባቸው ቤቶች በከተማዋ እየበዙ ነው አለ።

"አየህ፣ አልታየህም" አለች ሀፊሳ።

"የሚሸፈነው እኮ የወንጀለኛ ፊት ነው" አለ ዛሂድ።

ቢጫውን ሸሚዝ ሰፈሩ ያውቀዋል። በማግስቱ ዛሂድ ሮማናት አደባባይ ላይ ታክሲ ለመያዝ ሲጋፋ አንዱ ረዳት፣ "አንተ፣ ፊትህን ሸፍን እንጂ!" ብሎ ሰው አሳቀበት። ዛሂድ ታክሲውን ትቶ በእግሩ መጣ።

ከዚያ የኣስፋሃ እናት መጡ። አደይ ሓዳስ ከል ለብሰው በራፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሚመጣው ተማሪ ሁሉ እሳቸውን ሲያይ ይመለሳል። በሚቀጥለውም ቀን መጡ፤ በሚቀጥለውም። ደንብ አስከባሪዎቹ ሀፊሳን፣ "እናትየው ቤቱ ይዘጋልኝ ብለው ካመለከቱ እናሽገዋለን" አሏት፤ ከመንገዱ ማዶ ቆመውም ይጠብቁ ጀመር።

ሀፊሳ ውኃ ይዛ ወጣች። "አደይ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው። ይግቡ።"

ውኃውን አልተቀበሏትም። "ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ኣባዲን እኔ ነኝ ያበላሁት። ከልጄ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ ነው ያደገው። ኣባዲ በራሱ እንዲህ አያደርግም። ያስተማረው አለ።"

"ኣባዲ እዚህ መጥቶ አያውቅም።"

"በቴሌቪዥን አይቻለሁ።"

ሀፊሳ ስለ ጋዜጠኛው፣ ስለ ሲዲው፣ ዛሂድ መጫወት ስላለመቻሉ ነገረቻቸው። አደይ ሓዳስ እስክትጨርስ ሰሟት።

"ቁጭ በል ያልሽው አንቺ ነሽ?"

ሀፊሳ ውኃውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

አደይ ሓዳስ በእሷ ጎን አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ። ዛሂድ ወለሉን እየወለወለ ነበር። "ምንሽ ነው?"

ሀፊሳ ወደ መንገዱ ማዶ አየች። ደንብ አስከባሪዎቹ ማስቲካ እያኘኩ ያዩዋታል።

"ሠራተኛ ነው" አለች። "ሥራ ፈልጎ መጣ፣ ቀጠርኩት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላውቅም።"

የመወልወያው ድምፅ ቆመ።

"እንግዲያው አባሪው። እኔ እያየሁ።"

ሀፊሳ ዞረች። "ነገ እንዳትመጣ" አለችው።

"እንዲህ ነው የሚባረረው?" አሉ አደይ ሓዳስ። "ልጄን ያስገደለብኝ እኮ ነው!"

"ውጣ" አለች ሀፊሳ። ድምፅዋ ማዶ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ ደገመችው። "ውጣልኝ ከቤቴ! አንተን ያስገባሁበት ቀን ይረገም!"

ዛሂድ መወልወያውን ግድግዳ አስደገፈ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

"እሺ፣ እትዬ" አለ። "የጓሮውን በር ቆልፌዋለሁ።"

በአጠገባቸው አልፎ ወጣ። አደይ ሓዳስ ጀርባውን እስኪሰወር ድረስ ተከትለው አዩት፤ ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ጓለይ" ብለው የሀፊሳን ግንባር ሳሙ።

ዛሂድ ልብሱን ሳይወስድ ከሰዓት በኋላ ወደ ኣላማጣ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክ ቁጥሩን ቀየረ። ቤቱ አልታሸገም። ወሩ ሳያልቅ ተማሪዎቹ ተመለሱ፤ ሀፊሳም ሃይላይ የሚባል ሠራተኛ ቀጠረች።