የአክስቴ ድብልቅ
ትምህርት እንደጨረስኩ አክስቴ የምትሠራበት ላብራቶሪ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። የእሷ ሥራ ከፋብሪካ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዝ ፈሳሽ መፈለግ ነው። አሚን የሚባሉ ሁለት ኬሚካሎችን ከውሃ ጋር ትደባልቃለች፤ አንዱ ቶሎ ይይዛል፣ ሌላው ብዙ ይይዛል። ሽታቸው ግን የከረመ ዓሣ ነው፤ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የሚቀመጥ የለም።

ሰሞኑን እንቅልፍ አጥታ የሞከረችው ድብልቅ ጉድ የሚያሰኝ ውጤት አመጣ። የያዘውን እንዲለቅ ስንቴ ሞቆ፣ እንደገና እንዲይዝ ስንቴ ቀዝቅዞ የመያዝ አቅሙ አልቀነሰም። አለቃዋ በደስታ ሊያብድ ነው፤ ነገ ሊገዛው ላሰበው ፋብሪካ ሰዎች ያሳያል። እሷን ግን ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ምነው አክስቴ?»

«ሲሞቅ የሚተነውን ውሃ መተካት የነበረብኝ በንጹህ ውሃ ነው። እኔ ግን ከዚህ ነው ስቀዳ የከረምኩት» አለችና አዲስ ድብልቅ ያለበትን ጀሪካን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ከውሃው ጀሪካን ጋር አንድ ዓይነት ነው። አፍንጫዬ ሽታውን ለምዶታል፣ ዓይኔም አላይ አለ በቃ። አዲስ እየጨመርኩበት እንዴት ይድከም?»

«ታዲያ ማን አየሽ? ዝም በያ!»

«ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ላይ ውሎ ሲደክምስ፣ አንቺ ልትመልሺልኝ ነው? ሞኝ።»

ስልኳን አነሳችና ለአለቃዋ ሁሉንም ነገረችው። ጩኸቱ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። በኋላ ግን በረድ አለና «እሺ፣ እንደ አዲስ መቼ ትጀምሪያለሽ?» አላት። ዞር ስል ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል።

ስልኩን ቀስ ብዬ ከእጇ ወሰድኩ።

«ጋሼ፣ ነገ ትጀምራለች» አልኩት። «አሁን ግን ይተዉዋት።»