ሰባት እስኪቀር

ፋርማሲስቷ ከሥራ ወጥታ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ሽማግሌው ከገዛ በራቸው ፊት ለፊት ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ግድግዳውን በጠመኔ ቁጥር በቁጥር አድርገውት አገኘቻቸው። ሒሳብ ማስተማር ካቆሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ጠመኔ ግን ከኪሳቸው ጠፍቶ አያውቅም።

«አባዬ! ምነው ውጭ?»

«በሩ እምቢ አለኝ። ቁጥሩን እየመረመርኩ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

ክው አለች። በሩ የሚከፈተው ስምንት አሃዝ በመጫን ነው። መርሳት ከጀመሩ ወዲህ ለልጆቻቸው ቃል ገብተዋል፤ አንድ ቀን ቁጥሩ ጠፍቷቸው ውጭ ከቀሩ፣ ቤቱን ዘግተው ወንድ ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ። ከሚስታቸው ጋር ያረጁበትን ቤት ጥሎ መውጣት ደግሞ ለእሳቸው ከሞት እኩል ነው። ውጭ መቅረታቸውን ጎረቤት ደውላ ስለነገረችው፣ ወንድሟ ሊወስዳቸው በመንገድ ላይ ነበር።

«የቱን ቁጥር ነው የጫኑት?»

«ያንኑ ነዋ! 73939133።» ግድግዳውን በጠመኔው መታ መታ አደረጉ። «ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። የመጨረሻዋን ሦስት ቁረጫት፤ የተረፈውም ብቸኛ ነው። ደግመሽ ቁረጪ፤ አሁንም ብቸኛ። ሰባት ብቻ እስኪቀር አንድም ቦታ አይከዳሽም። በሰባት ከሚጀምሩት ባለ ስምንት አሃዞች ይህ ጠባይ ያለው እሱ ብቻ ነው። አንዷን አሃዝ ብስት ኖሮ የሆነ ቦታ ላይ ይሰበር ነበር። እስከ ባለ አምስት አሃዙ ድረስ አካፍዬ አየሁት፤ ደህና ነው።» ጠመኔውን ዝቅ አደረጉ። «ቁጥሩ ደህና ከሆነ እንግዲህ፣ የተበላሸው ጭንቅላቴ ይሆን?»

ፊቷ ጋለ። ትናንት፣ እንዳይቸገሩ ብላ፣ ቁጥሩን በቀላል የለወጠችው እሷ ናት። ልትነግራቸው ስትል ስልክ ተደወለላትና በዚያው ሄደች። ይረሳሉ የተባሉት እሳቸው፣ የረሳችው እሷ! ዝም ብትል ደግሞ ማንም አያውቅባትም፤ አባቷ ወንድሟ ዘንድ ከገቡ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ምን ሆኑ ብላ መደንገጧም ይቀርላታል። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ዝም ልበል ይሆን ብላ አሰበች።

ወንድሟ እያለከለከ ብቅ አለ። «በቃ አባዬ፣ ቃል ቃል ነው። ሻንጣው የት አለ?»

«ሻንጣ የለም» አለች። «ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሳልነግራቸው ሄድኩ። እሳቸው ምንም አልረሱም።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። ይቆጡኛል ብላ አንገቷን ደፋች።

«ስንት አደረግሽው?»

«ከአንድ እስከ ስምንት፣ በተራ።»

«ውይ!» አሉ ከልባቸው አዝነው። «ለሁለት ይካፈላል እኮ!»

ወንድሟ እንኳ ሳቁን መያዝ አቃተው። እሳቸው እየነገሯት፣ እሷ እየጫነች የድሮውን ቁጥር መለሱት። በሩ ሲከፈት ግን ሽማግሌው ደፉ ላይ ቆም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ቁጥሩ ከጭንቅላቴ ከቀኝ እየተቆረጠ ይሄድብኛል እኮ። ሰባቷ ብቻ ብትቀርስ?»

«ደውለው ሰባት ይበሉኝ» አለች እጃቸውን ይዛ። «መጥቼ እከፍታለሁ።»